ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ

የኢትዮጵያን ነገሥታት ታሪክ ያነበበ ሰው የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን ስም በሰማ ጊዜ ወይ የደረሷቸውን መጻሕፍት፥ ወይ በጎሚት ያገኙትን ድል፥ አለዚያም በቤታቸውና በሕዝባቸው ላይ ያደረሱትን ጽኑ ቅጣት ያስባል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ከሥራቸው ሁሉ ለአገር አንድነት እጅግ የጠቀመው፥ ያለ ሰይፍና ያለ እስራት በሊቃውንት ቃል የተፈጸመው፥ በ1442 ዓ.ም. በተጕለት በደብረ ምጥማቅ የተደረገው ጉባኤ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ቤተ ክርስቲያንን ለሁለት ከፍሎ መንግሥትንም ሲያናውጥ የኖረው ክርክር በዚያ ጉባኤ ዕርቅ አገኘ። ይህ እንዴት እንደ ሆነ ለማስተዋል የንጉሡን ሕይወትና የክርክሩን ሥር አብሮ ማየት ያስፈልጋል።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የዐፄ ዳዊት ልጅ ሲሆኑ እናታቸው እግዚእ ክብራ ይባላሉ። የተወለዱት በ1391 ዓ.ም. ገደማ በፈጠጋር አገር ነው። በዚያ ዘመን በነበረው ሥርዐት ከንጉሥ ልጆች አንዱ ሲነግሥ የቀሩት ወንድሞች ወደ አምባ ግሸን ተወስደው በዘብ ይጠበቁ ነበር፤ ዘርዐ ያዕቆብም ከዚህ ዕጣ አላመለጡም። በዚያው ዘመን ለመንገሥ ተስፋ የነበራቸው አይመስልም። የኋላ ድርሰታቸው እንደሚመሰክረው ግን ብሉይንና ሐዲስን፥ የሐዋርያትን ሲኖዶስና ዲድስቅልያን ጠልቀው የተማሩ ሰው ነበሩ፤ ከኢትዮጵያ ነገሥታት መካከል በመጻሕፍት ዕውቀት የሚስተካከላቸው ጥቂት ነው።

ወንድማቸው ዐፄ ይሥሐቅ በ1422 ዓ.ም. ገደማ ካረፉ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብዙ ነገሥታት በዙፋኑ ላይ ተለዋወጡ። አንዱ ሲነግሥ ሌላው ሲሞት፥ ሹማምንቱም ለማን እንደሚታዘዙ ሳያውቁ በ1426 ዓ.ም. ዘርዐ ያዕቆብ ከአምባው ወርደው ነገሡ። ዕድሜያቸው ያንጊዜ ወደ ሠላሳ አምስት ዓመት ነበር። የመንግሥት ስማቸውንም ቈስጠንጢኖስ አሰኙ። ሠለስቱ ምዕትን በኒቅያ የሰበሰበው ንጉሥ ስም ስለ ሆነ፥ ስሙ በአጋጣሚ የተመረጠ ነው ለማለት አይቻልም።

የተቀበሉት መንግሥት ስፋቱ ታላቅ ቢሆንም ውስጡ የተሰነጠቀ ነበር። በምሥራቅ በኩል የአዳል ሱልጣኖች ጦር ያነሡ ነበር። ቤተ መንግሥቱ በተደጋጋሚ ሞት ደክሟል። በሰሜን ደግሞ፥ ከመረብ ማዶ ወደ ባሕር በሚወስደው አገር፥ የታወቁ ገዳማት ከጳጳሱ ክህነት ሳይቀበሉ ከቀሩት ካህናት ተለይተው መኖር ከጀመሩ ሦስት ትውልድ አልፏል። ሦስተኛው ነገር በዓይን ሲታይ ከሁለቱ ያነሰ ይመስላል፤ ነገር ግን ጦር የማይፈታው እርሱ ነበር።

የክርክሩ ነገር ስለ ሰንበት ነው። በኢትዮጵያ ብዙ ካህናትና ምእመናን ቀዳሚት ሰንበትንና እሑድን አንድነት ያከብሩ ነበር። ከእስክንድርያ የሚላኩት ጳጳሳት ግን ከእሑድ በቀር ሌላ ሰንበት የለም እያሉ ያስተምሩ ነበር፤ ቀዳሚትን ሥራ ፈትቶ ማክበር የአይሁድ ሥርዐት ነው ብለው ይነቅፉ ነበር። ለዚህም የሎዶቅያን ጉባኤ ቀኖና የመሰለ ማስረጃ ነበራቸው። በሌላው ወገን ያሉት ደግሞ ሰንበትን አክብር የሚለው ትእዛዝ ከዐሥሩ ቃላት አንዱ ስለ ሆነ ሰው ሊሽረው አይችልም፤ ደግሞም የሐዋርያት ሲኖዶስና ዲድስቅልያ ሁለቱንም ቀኖች ያዛሉ እያሉ ይመልሱ ነበር። እንግዲህ በሁለቱም ወገን መጽሐፍ ነበረ። ክርክሩ ካለማወቅ የመጣ ቢሆን ኖሮ በአንድ መምህር ባለቀ ነበር።

የቀዳሚትን ወገን ያጸኑት በሠራዬ ደቀ መዛሙርት ሰብስበው ያስተምሩ የነበሩት አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ናቸው። ተቃውሞ በበዛባቸው ጊዜ በ1330 ዓ.ም. ገደማ አገራቸውን ትተው ወጡ፤ በግብፅ ከፓትርያርኩ ፊት ቀርበው ነገራቸውን አሰሙ፤ ከዚያም ኢየሩሳሌምን ተሳልመው፥ በቆጵሮስ አልፈው፥ አርመን አገር ደርሰው በ1345 ዓ.ም. በዚያው አረፉ። ደቀ መዛሙርታቸው ግን አልጠፉም። አባ አብሳዲ ደብረ ማርያምን መሠረቱ፤ የእርሳቸው ደቀ መዝሙር አባ ፊልጶስም ደብረ ቢዘንን አቋቋሙ። እነዚህ መነኮሳት ከቤተ መንግሥትና ከሌሎች አድባራት ስለ ተከለከሉ ወደ ጠረፍ አገር ወጡ፤ በዚያም ምድር አለሙ፥ ሕዝብም አስተማሩ። ከተለዩም በኋላ ቍጥራቸው አደገ እንጂ አላነሰም።

ነገር ግን አንድ ጕድለት ነበረባቸው። ኢትዮጵያ እስከ 1943 ዓ.ም. ድረስ ከገዛ ልጆችዋ መካከል የተሾመ ሊቀ ጳጳስ አልነበራትም፤ ክህነት የሚሰጠው ከእስክንድርያ የተላከው ጳጳስ ነበር። የኤዎስጣቴዎስ ልጆች ደግሞ ሰንበትን ይሽራል ከሚሉት ጳጳስ ክህነት አይቀበሉም፤ ጳጳሱም ቢሆን ሰንበትን ለሚያከብር መነኵሴ እጁን አይጭንም። ስለዚህ ከሌላ ወገን ወደ እነርሱ የተጠጉ ቀሳውስት ባይኖሩ ኖሮ ቅዳሴያቸው ይቋረጥ ነበር። ገዳም ሲበዛና ካህን ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ለቤተ ክርስቲያን ሰው መንገር አያስፈልግም።

ይህን ነገር ለማብረድ መጀመሪያ የሞከሩት የዘርዐ ያዕቆብ አባት ዐፄ ዳዊት ነበሩ። በ1392 ዓ.ም. ገደማ አባ ፊልጶስና ጓደኞቻቸው ከጳጳሱ ከአቡነ በርተሎሜዎስና ከዐቃቤ ሰዓት ሠረቀ ብርሃን ፊት ቀርበው እንዲከራከሩ ታዘዙ። ጉባኤው ግን በስም ጉባኤ ነበረ እንጂ ፍርዱ ያለቀ ነበር፤ መነኮሳቱ የተጠሩት እንዲሰሙ ሳይሆን እንዲክዱ ነበር። አልክድም ባሉ ጊዜ አባ ፊልጶስ አራት ዓመት ታሰሩ። እስራቱም ዝናቸውን ከፍ አደረገው። በ1396 ዓ.ም. ዐፄ ዳዊት ነገሩ በኀይል እንደማይሆን አይተው ፈቱአቸው፤ የኤዎስጣቴዎስም ልጆች በገዳማቸው ቀዳሚትን እንዲያከብሩ ፈቀዱ። የቀረው ሕዝብና ቤተ መንግሥቱ ግን በጳጳሱ ትምህርት ይሄድ ነበር። በአንድ መንግሥት ውስጥ ሁለት ሥርዐት ጐን ለጐን ቆመ ማለት ነው፤ ከጠብ ይሻል ነበረ እንጂ ዕርቅ አልነበረም። የክህነትም ጕዳይ እንደ ቈሰለ ቀረ።

ዘርዐ ያዕቆብ ይህን የአባታቸውን ትምህርት አልረሱም። ልባቸው ከመጀመሪያው ቀዳሚትን ወደሚያከብሩት ያዘነበለ ነበር። ይህን በዐዋጅ ለማድረግ ሥልጣን ነበራቸው፤ ጉባኤው የተደረገው ግን በነገሡ በዐሥራ ስድስተኛው ዓመት ነው። በመካከሉ ምን እንደ ሠሩ መመልከት ይገባል። ወደ አክሱም ወጥተው በጥንቱ ሥርዐት የዘውድ በዓላቸውን አደረጉ፤ በሰሜኑም አገር ለብዙ ጊዜ ቆይተው ሰዉን አወቁ። የባሕረ ነጋሽን ሹመት ከፍ አድርገው ሽሬን፥ ሠራዬን፥ ሐማሴንንና ቡርን በእርሱ ሥር አዋሉ። ይህ ሹመት የተሰጠበት አገር በአብዛኛው የኤዎስጣቴዎስ ገዳማት ያሉበት ነው፤ ወደ ባሕር የሚወስደውም መንገድ በዚያው ያልፋል። በዚያ አገር ሕዝቡ የሚሰማቸው መነኮሳት ከመንግሥቱ ካህናት ተለይተው ሳሉ የንጉሥ ሹም ብቻውን ምን ሊያጸና ይችላል?

ከእስክንድርያም ሁለት ጳጳሳት፥ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል፥ መጡላቸው። ሁለት ጳጳስ በአንድ ጊዜ መምጣቱ የተለመደ አልነበረም። በዚያው ወራት የግብፅ ክርስቲያኖች መከራ በዝቶባቸው ነበር፤ በእመቤታችን ስም የታወቀው የምጥማቅ ቤተ ክርስቲያን ፈረሰ። ወሬው ለንጉሡ በደረሰ ጊዜ እጅግ አዘኑ፤ በተጕለትም በዚያው ስም ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ደብረ ምጥማቅ የተባለው ይህ ነው። በ1436 ዓ.ም. ወደ ካይሮ መልእክተኛ ልከው ለሱልጣኑ በጻፉት ደብዳቤ በኢትዮጵያ ያሉት እስላሞች በሰላም እንደሚኖሩ አስታወሱ፤ የዓባይም ውኃ ከየት እንደሚነሣ ሳያሳስቡት አልቀሩም። ከዚህ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1433 ዓ.ም. መጨረሻ በኢየሩሳሌም የነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት የላኩአቸው ሰዎች በፍሎረንስ ከተማ የሮማው ፓፓ ባደረገው ጉባኤ ላይ ተገኝተው ነበር፤ ዲያቆን ጴጥሮስም በዚያ ተናገረ። መነኮሳቱ በንጉሡ ትእዛዝ የሄዱ አልነበሩም፤ ሆኖም የዘመኑ ክርስቲያን ሁሉ መከፋፈሉን በጉባኤ ለመፍታት ይሞክር እንደ ነበር ይህ ያሳያል።

በታኅሣሥ 29 ቀን 1438 ዓ.ም.፥ በልደት በዓል፥ በደዋሮ ጎሚት በተባለው ስፍራ ከአዳሉ ሱልጣን ከአሕመድ በድላይ ጋር ተዋግተው ድል አደረጉ፤ ሱልጣኑም በዚያው ሞተ። ከዚህ ድል በኋላ ንጉሡን ደፍሮ የሚቃወም አልነበረም። ብዙ ገዥ እንዲህ ባለ ጊዜ ምክር መጠየቁን ይተዋል፤ እርሳቸው ግን ሊቃውንቱን የጠሩት ከዚህ በኋላ ነው።

በ1442 ዓ.ም. በደብረ ምጥማቅ ሁለቱ ጳጳሳት፥ የታላላቅ ገዳማት አበምኔቶችና ሊቃውንት ተሰበሰቡ። ከተሰበሰቡት መካከል የደብረ ማርያምና የደብረ ቢዘን መነኮሳት ነበሩ። ጉባኤውን ከአባታቸው ጉባኤ የሚለየው ከሁሉ በፊት ይህ ነው፤ የኤዎስጣቴዎስ ልጆች እንደ ተከሳሽ ቆመው ሳይሆን እንደ አባቶች ተቀምጠው ተናገሩ። ንጉሡም የሚሰሙት ነገር እንግዳ አልነበረባቸውም። ሲኖዶሱንና ዲድስቅልያውን ራሳቸው ያነበቡ ስለ ሆኑ የቱ ቃል ከመጽሐፍ፥ የቱ ከልማድ፥ የቱ ከቂም እንደ መጣ ለመለየት ይችሉ ነበር። የንጉሡ ፈቃድ አስቀድሞ የታወቀ መሆኑ አይካድም፤ ጳጳሳቱም ይህን ሳያውቁ አልገቡም። ቢሆንም ንጉሡ ከጳጳሳቱ የፈለጉት ዝምታን ሳይሆን ፈቃዳቸውን ነው፤ ያለ እነርሱ ፈቃድ የክህነቱ ቍስል አይድንምና።

የተቈረጠው ነገር በአጭሩ እንዲህ ነው። አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል ቀዳሚት ሰንበት ከእሑድ ጋር እንድትከበር ተቀበሉ። የኤዎስጣቴዎስ ልጆችም በፈንታቸው ከጳጳሳቱ ክህነት ለመቀበል ተስማሙ። አንዱ ወገን ቀኑን ሰጠ፤ ሌላው እልኹን ሰጠ። ሁለተኛው ስጦታ ከፊተኛው የቀለለ የሚመስለው ሰው ስለ ሰንበት ብለው አገራቸውን ትተው በሩቅ አገር የሞቱትን መምህር፥ አራት ዓመትም የታሰሩትን አባ ፊልጶስን ያስብ። መቶ ዓመት ሙሉ የጳጳሱን እጅ እምቢ ማለት ለእነዚያ ገዳማት የማንነታቸው ምልክት ሆኖ ነበር። የግብፅም ጳጳሳት ቢሆኑ የላካቸው መንበር የማይቀበለውን ሥርዐት መቀበላቸው ቀላል ነገር አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የኤዎስጣቴዎስ ገዳማት ከቤተ ክርስቲያን አልተለዩም። ንጉሡም ውሳኔው በወረቀት ብቻ እንዳይቀር መጽሐፈ ብርሃን በተባለው ድርሰታቸው የሁለቱን ሰንበታት ክብር ጻፉ፤ ካህናት በእነዚህ ቀኖች ሕዝቡን እንዲያስተምሩ አዘዙ፤ ሳያስተምር የተገኘውን ካህን ገንዘቡን እስከ መውረስ ቀጡ። መጽሐፈ ሚላድም የእርሳቸው ነው፤ በእርሱም በሃይማኖት የተቃወሟቸውን እነ ዘሚካኤልን ነቀፉ። ካህናት በየሳምንቱ ለሕዝብ እንዲያስተምሩ ያስገደደው ሥርዐት ከጉባኤው ፍሬዎች ሁሉ ለተራው ሰው የቀረበ ይመስላል፤ ሕዝቡ ክርክሩን ባያውቅ ትምህርቱን አግኝቷልና።

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢቆም ኖሮ ለንጉሡ መልካም ነበር። ነገር ግን ሊቃውንትን በደብረ ምጥማቅ ያስቀመጠው እጅ በሌላ ስፍራ ሌላ ሥራ ሠርቷል።

በትግራይ አባ እስጢፋኖስ የተባሉ መነኵሴ ጥብቅ የምንኵስና ሥርዐት አቁመው ነበር። እርሳቸውና ደቀ መዛሙርታቸው ስግደት ለሥላሴ ብቻ ይገባል እያሉ ለንጉሡ መስገድን እምቢ አሉ፤ ለመስቀልና ለእመቤታችን ሥዕልም አይሰግዱም ተብለው ተከሰሱ። ንጉሡ ደግሞ የእመቤታችንን በዓላት ሠላሳ ሦስት አድርገው ያበዙ፥ በየቤተ ክርስቲያኑም በስምዋ ታቦት እንዲኖር ያዘዙ ሰው ናቸው። አባ እስጢፋኖስ ወደ ቤተ መንግሥት ተጠርተው ከንጉሡና ከካህናቱ ፊት ተጠየቁ፤ መለሱም። ስለዚህ ክርክር አልነበረም ለማለት አይቻልም። ነገር ግን ንጉሡ በሰንበት ነገር በሁለት ወገን መካከል የቆሙ ሽማግሌ ነበሩ፤ በስግደት ነገር ግን ባለ ጕዳዩም ዳኛውም እርሳቸው ሆኑ። ስግደት የተከለከለው ለእርሳቸው ነበርና። አባ እስጢፋኖስ ተገርፈው ታሰሩ፤ በእስር ቤትም በ1436 ዓ.ም. ገደማ ሞቱ። ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት ተከታዮቻቸው ከዚያ በኋላም ምላሳቸውና አፍንጫቸው ተቈረጠ፤ በድንጋይም ተወገሩ። ዜና መዋዕላቸው እንደሚተርከው ይህ በሆነ በሠላሳ ስምንተኛው ቀን በሰማይ ብርሃን ታየ፤ ንጉሡም የታየበትን ስፍራ ደብረ ብርሃን ብለው ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት አሠሩበት፤ የቀረውንም ዘመናቸውን በዚያ ኖሩ። የዜና መዋዕሉ ጸሓፊ ብርሃኑን ለፍርዱ ምስክር አድርጎ አየው፤ ደቂቀ እስጢፋኖስ ግን ሙታናቸውን እንደ ሰማዕታት ቈጥረው ገድላቸውን ጻፉ።

በዕድሜያቸው ማምሻ ጥርጣሬ ጸናባቸው። ሕዝቡ ሁሉ በግንባሩና በክንዱ ሰይጣንን የካደበትንና የሃይማኖቱን ቃል ጽፎ እንዲሄድ አዘዙ። በአውራጃዎች ላይ ሴቶች ልጆቻቸውን ሾመው ነበር፤ ኋላ ግን ከወንዶቹም ከሴቶቹም ልጆቻቸው ብዙዎቹ ጣዖት አምልከዋል ተብለው በሰው ወሬ ተከሰው በቅጣት ሞቱ። የበእደ ማርያም እናት ጽዮን ሞገሳም ለልጅዋ መንግሥት ትመኛለች ተብላ ተደብድባ ሞተች። በደብረ ምጥማቅ የሁለት ወገን ቃል አዳምጦ ያስታረቀ ጆሮ በቤቱ ውስጥ የከሳሽን ቃል ብቻ ሰማ።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሠላሳ አራት ዓመት ነግሠው በ1460 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አረፉ። አፅማቸው በጣና ሐይቅ ውስጥ በዳጋ እስጢፋኖስ ይገኛል። ልጃቸው ዐፄ በእደ ማርያም በነገሡ ጊዜ የአባታቸውን እስረኞች ፈቱ፤ ከሹመታቸው የተሻሩትንም መለሱ። የአባታቸውን ጉባኤ ግን አልሻሩም። በዘመናቸውም አዲስ ጕዳይ ተነሣ፤ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል ከሞቱ በኋላ ሌላ ጳጳስ ስላልመጣ ካህን የሚሾም ጠፍቶ ነበርና፥ ከእስክንድርያ መለየት ይገባል የሚሉና አይገባም የሚሉ ሊቃውንት ተሰብስበው ተከራከሩ። በእደ ማርያም ሁለቱን ወገን ሰምተው የጥንቱ ሥርዐት እንዲቀጥል ፈረዱ፤ ጳጳስ የመጣው ግን እርሳቸው ከሞቱ በኋላ በልጃቸው በእስክንድር ዘመን ነው።

ቀዳሚት ሰንበት ከእሑድ ጋር በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ጸንታ ቀረች። ደቂቀ እስጢፋኖስም በኋላ ዘመን ከቤተ ክርስቲያን ጋር ታርቀዋል። በአጋሜ በገደል መካከል የሚገኘው ገዳማቸው ጉንዳ ጉንዶ፥ መነኮሳቱ ከዚያ መከራ በኋላ በገዛ እጃቸው የጻፏቸውንና ሐረግ የሣሉባቸውን ጨምሮ ከሁለት መቶ የሚበልጡ የብራና መጻሕፍትን ጠብቆ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት አድርሷል።